መርፌዋ ለምን ትወርዳለች

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ማወራችሁም ብርዱን ሰሞን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ የቤታችን ማሞቂያ ነው።

ቦይለሩ ውሃውን ያሞቅና በየክፍሉ ባለው የብረት ማሞቂያ (ራዲያተር) አዙሮ ይመልሰዋል፣ ዝግ ስለሆነ አንዴ ከተሞላ መጉደል የለበትም። የውሃውን ግፊት በመርፌ ሚያሳየው ጌጅ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ነው ማሳየት ያለበት፣ የኛ ግን ጠዋት ስነሳ 0.4፣ ቦይለሩ ጠፍቷል፣ ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቁርስ ይበላሉ። እኔም የውሃ መሙያውን ከፈት አርጌ መርፌዋ 1.3 ላይ ስትደርስ እዘጋና ወደ ስራዬ፣ በሶስተኛው ቀን ያው።

ይሄን ሁለት ወር አደረኩት፣ ሚቆጨኝ እሱ ነው። አዲስ ውሃ በሞላን ቁጥር እኮ አዲስ ኦክስጅን ነው ምናስገባው፣ እሱ ደግሞ የራዲያተሩን ብረት ከውስጥ ይበላዋል፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ዝገት ይሆንና ፓምፑን ምናምኑን ይይዘዋል።

ከዛ ውሃው በየት እንደሚያፈስ ፍለጋ ጀመርኩ። ሶፍት ይዤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዳሰስኩ (ቀዝቃዛ እያለ አድርጉት፣ ሲሞቅ ጠብታው ስለሚተን አታዩትም)፣ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ነገር ካለ፣ ነጭ ጨው የመሰለ የደረቀ ነገር ካለ አየሁ፣ ምንም። ወለሉን ልናስቆፍር ምንም አልቀረንም፣ ባለቤቴ ናት «ቆይ እስኪ፣ ሲሞቅስ ስንት ነው ሚያሳየው?» ያለችኝ። ሲሞቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማታ ማሞቂያውን ለኩሼ ወንበር ስቤ ጌጁ ፊት ቁጭ አልኩ። 1.3፣ 1.8፣ 2.4... ግማሽ ሰአት ሳይሞላ 3 ልትነካ! ጤነኛ ቢሆን 2 አካባቢ ነው ምትቆመው፣ 3 ላይ ሴፍቲ ቫልቩ ይከፈትና ውሃውን በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጪ ይተፋዋል፣ የኛ ቧንቧ ደግሞ ከቤት ኋላ ማንም ማያየው ጥግ ጋ ነው። አፉ ላይ ፌስታል ላላ አርጌ አሰርኩ፣ ጠዋት ስሄድ ፌስታሉ ውሃ ይዞ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የት እንደሚሄድ አወቅን በቃ።

ነገሩ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል አይደል፣ ለዛ ኤክስፓንሽን ታንክ ሚባል አለ፣ ውስጡ በላስቲክ ለሁለት ተከፍሎ ባንዱ በኩል አየር አለ፣ ውሃው ሲሰፋ ላስቲኩን ገፍቶ ቦታ ያገኛል። ባለሙያው መጣና የመኪና ጎማ ቫልቭ የመሰለችውን የታንኩን የአየር ቫልቭ መሃሏን ጫን ሲላት በአየር ፋንታ ውሃ ወጣ፣ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው። አየሩ ብቻ ጎድሎ ቢሆን መንፋት ይበቃ ነበር፣ የኛ ግን ታንኩ ተቀየረ፣ ሴፍቲ ቫልቩም አብሮ፣ ምክንያቱም ደጋግሞ ሲከፈት ቆሻሻ ይገባበትና በደንብ አይገጥምም።

አሁን ሲቀዘቅዝ 1.3፣ ሲሞቅ 1.8፣ ሶስት ሳምንት ሆናት አልነካኋትም። እናንተም ጋ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉና ለባለሙያው አሳዩት፣ ጋዝ ያለበትን የቦይለሩን ክዳን ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ አደራ። በሉ ቻው።