«ጨጓራ ነው» ያልነው

እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ የእድራችን እናቶች አባቶች፣ ወጣቶችም። ሰብሳቢያችን ስለ ቤተሰብ ትንሽ ተናገሪ ሲሉኝ ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት፣ ግን ማታ ልፅፍ ስቀመጥ የመጣልኝ የአባቴ ነገር ብቻ ነው።

አባቴን ታውቁታላችሁ፣ ቀብሩም ላይ ነበራችሁ። የማታውቁት እኛ ልጆቹ ከየካቲት እስከ መስከረም እንደዋሸነው ነው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶን ካንሰር ነው፣ ጉበቱን ይዞታል ሲለን እኔና ወንድሜ መጀመሪያ ከአፋችን የወጣው «ለሱ እንዳይነግሩት» የሚል ነው። ገብተን «ጨጓራ ነው አባባ፣ በርበሬ ቀንስ» አልነው። አመነን። ልጆቹ ነና፣ ለምን አያምነንም?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል አይደል፣ የኛ ግን እያደር ከበደ። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቀድመን «ጨጓራ ነው በሉት» እያልን እናስጠና ነበር፣ እዚህ ካላችሁትም አንዳንዶቻችሁን አስጠንቻለሁ፣ ጅዳ ያለችው እህቴ በኢሞ ስትደውል ደሞ መክሳቱን እንዳታይ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርና «ኔትወርኩ ነው» እላታለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ ብቻዋን ስታለቅስ ማን አለላት ብዬ። ፍቅር ነበረበት፣ አልክድም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲያያዝ አባባ 60 የቡና ችግኝ ገዝቶ ማና ያለችው መሬቱ ላይ ማስተከል ጀመረ። ቡና ደግሞ ለፍሬ 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል፣ ይሄን ለጅማ ሰው አልነግርም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ችግኙን አቀብለው ነበር። ለእህቴም «ዘንድሮ አትምጪ፣ ብርሽን አጠራቅሚ፣ ለከርሞ ትመጪና ችግኙን ታዪዋለሽ» አላት። እሷም ፈቃዷን ለሚቀጥለው ዓመት አዞረችው። መስከረም ላይ ሞተ።

መርዶውን እዛ ያሉ የአገር ልጆች ሰብሰብ ብለው ሄደው ነገሯት። ከዛ እኔ ጋ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ «ግድግዳውን ስታሳዪኝ እሱ እዛው ነበር?» አዎ አልኳት።

የያዕቆብን ታሪክ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እናውቀዋለን፣ ዘፍጥረት 37 ላይም አለ፣ 12ኛው ሱራ ዩሱፍ ላይም አለ። ልጆቹ ደም የነካው ልብስ አምጥተው አባታቸውን ዋሹት፣ ቁርኣኑ ላይ ከሀዘን ብዛት ዓይኑ ጠፋ ይላል። እነሱ በቅናት ነው፣ እኛ በፍቅር፣ ግን አባትየው ጋ ሲደርስ ያው ነው፣ በልጆቹ ቃል ተመርቶ የማያየው መንገድ ላይ ይሄዳል። አባቴ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ችግኙን ይተክለው ነበር፣ እሱ እንደዛ ነው፣ ልጁን ግን «ነይ» ይላት ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ሐኪም ኮሪደር ላይ ሲጠራችሁ «እንዳይነግሩት» ከማለታችሁ በፊት ገብታችሁ እሱን ጠይቁት፣ ስለ ህመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ በሉት። አልፈልግም የሚል አለ፣ መብቱ ነው፣ ግን እሱ ይበለው እንጂ እናንተ አትበሉለት። እኛም ጠያቂዎች በር ላይ ሲያስጠኑን እሺ ብለን አንግባ።

አሁን ቤቱ ታማሚ ያለው፣ እንደኔ የደበቀ ካለ፣ ቡናው እየተፈላ ነው፣ እኔ ከኋላ በኩል እቀመጣለሁ፣ ይምጣና እናውራ። አመሰግናለሁ።