ዕድሜ ነው፣ ዘመን ነው ወይስ ኑሮ?

የተከበራችሁ የጅማ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ከተማ የፖለቲካ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ነገር ይሰማል። ትልልቆቹ «ልጅነት ነው፤ ትዳር ሲይዙ፣ ልጅ ሲወልዱ ይበርዳሉ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «እነሱ በያዙት ቀርተዋል፤ ዘመኑ ጥሏቸው ሄዷል» ይላሉ። አንደኛው ወገን የሰው የፖለቲካ አቋም በዕድሜው ይለወጣል ማለቱ ነው፤ ሌላው አንዴ የያዘውን አይለቅም ማለቱ ነው። ሁለቱም ሊጣሩ የሚችሉ ናቸው። እስካሁን ግን በጭቅጭቅ እንጂ በማጣራት አልተያዙም። ዛሬ የምንነጋገረው የትኛው የት ላይ ልክ እንደሆነ፣ ደግሞም እዚሁ ጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ነገሩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሥራውን እንዴት መያዝ እንዳለበት ነው።

ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በ1945፣ ሁለተኛው በ1975፣ ሦስተኛዋ በ1988 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። የመጀመሪያው በ22 ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሰማ። ሁለተኛው በዚያው ዕድሜ የግንቦት 1997ን ምርጫ አየ። ሦስተኛዋ 22 ሲሆናት የመጋቢት 2010 የሥልጣን ለውጥ መጣ። በ2017 ሦስቱንም «መሬት ይሸጥ፣ ይለወጥ?» ብለን ብንጠይቅና መልሳቸው ቢለያይ፣ ልዩነቱን ያመጣው 72፣ 42 እና 29 ዓመት መሆናቸው ነው? ወይስ ያኔ በ22 ዓመታቸው ያዩት?

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ይህን መለየት አይቻልም። ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም፤ የትውልድ ዓመትና ዕድሜ ሲደመሩ የተጠየቀበት ዓመት ይመጣል። ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውንም አውቋል፤ ስለዚህ ሁለቱን አስሮ አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ የለም። «ወጣቶች እንዲህ ያስባሉ፣ ሽማግሌዎች እንዲያ ያስባሉ» የሚል ዘገባ ስታነቡ ዘጋቢው ያሳያችሁ ልዩነቱን ነው፤ ምክንያቱን አላሳያችሁም።

ምክንያቱ መታየት የጀመረው ያንኑ ሰው ደጋግመው በጠየቁ ጊዜ ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ቴዎዶር ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ቤኒንግተን ኮሌጅ የሚማሩ ሴቶችን አጠና። አብዛኞቹ ከሀብታምና ወግ አጥባቂ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ፤ በኮሌጁ በቆዩ ቁጥር ግን ከቤተሰባቸው አቋም ራቁ። በ1960ዎቹና በ1984 ተፈልገው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ያንን የኮሌጅ አቋም እንደያዙ ተገኙ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አቋሙን ጠብቆ ያቆየው ዕድሜያቸው ወይም ግትርነታቸው ብቻ አልነበረም፤ ያገቡት ሰውና የመረጡት ወዳጅ በአመዛኙ የእነሱኑ ሐሳብ የሚጋራ ነበር። ሰው ሐሳቡን ብቻውን አይሸከምም።

ሁለተኛው ሥራ የአሜሪካውያኑ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን የኬንት ጄኒንግስና የሪቻርድ ኒሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሱ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ጠየቁ፤ ተማሪዎቹም በ1973፣ በ1982 እና በ1997 እንደገና ተጠየቁ። ትልቁ ለውጥ የታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መካከል፣ ማለትም ከ18 እስከ 26 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረጋ። ወላጆቻቸው ግን እንደገና ሲጠየቁ ከመጀመሪያውም እምብዛም አልተንቀሳቀሱም። ይሁንና የረጋ ሁሉ የደረቀ አይደለም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሚካሄደው አጠቃላይ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ እንደ ሴቶች ድርሻ ባሉ ጉዳዮች ከ60 ዓመት በላይ ያሉትም ከአገሩ ጋር አብረው ሲንቀሳቀሱ ታይተዋል። ስለዚህ «ሽማግሌ አይለወጥም» የሚለው ልክ አይደለም፤ «ሲያረጅ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል» የሚለውም አልተረጋገጠም።

ወደ ጅማ እንምጣ። እኛ የምንለው ዕድሜን ከመቁጠር ይልቅ ከዕድሜ ጋር የመጣውን ነገር ቁጠሩ ነው። በማና ወይም በጎማ ወረዳ ቡና የተከለ ገበሬ የመጀመሪያውን ፍሬ የሚለቅመው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሰው ስለ ጸጥታ፣ ስለ ይዞታ ማረጋገጫና ስለ መንገድ የሚያስበው ያንን ዓመት እየቆጠረ ነው። በዚያው ዓመት የተወለደው ጎረቤቱ ከአባቱ መሬት ድርሻ ሳይደርሰው ቀርቶ በሂርማታ ገበያ ሸክም ላይ ይውላል፤ ለእሱ የሚረዝመው ዓመት ሳይሆን ቀኑ ነው። ዕድሜያቸው እኩል፣ ያዩት ዘመን አንድ፣ የሚሰጡት መልስ ግን ሊለያይ ይችላል። ይህን ለማግኘት መጠይቁ ውስጥ ስድስት ዓመተ ምሕረቶች ይግቡ፦ ያገባበት፣ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደበት፣ መሬት ወይም ቤት በስሙ የሆነበት፣ የመጀመሪያ ደመወዝ ወይም የንግድ ፈቃድ ያገኘበት፣ ከተወለደበት ቦታ የወጣበት፣ ወላጁን የቀበረበት። ያኔ በ20 ዓመቷ ያገባችውንና በ35 ዓመቷም ያላገባችውን፣ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሴቶችን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ዕድሜና ትዳር የሚለያዩት በዚህ ነው።

ጥያቄውም ከዚሁ ኑሮ ይውጣ። «ግራ ነህ ቀኝ?» ብሎ እዚህ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። መሬት በማን እጅ ይሁን፣ የቡናን ዋጋ ማን ይወስን፣ ግብር በማን ላይ ይጨመር፣ ባለሥልጣን ሲያጠፋ የት ይከሰስ፣ ሴት ልጅ እኩል ትውረስ ወይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አለው፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ያንኑ ሰው አንድም ቃል ሳይነካ መጠየቅ ይቻላል። በሁለተኛው ዙር ቃሉን «ላሻሽለው» ያለ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ጣለው። በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘጋጅ፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላ ሰው፣ ዋናውን ሳያይ፣ መልሶ ይተርጉመው፤ ያልገጠመው ይታረም።

አሁን ሥራው የሚበላሽበትን እናንሳ። ዕድሜ ሲጠየቅ 30፣ 40፣ 50 የሚለው መልስ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ብዙ ሰው የልደት ወረቀት የለውምና። ስለዚህ «የመሬት አዋጁ ሲወጣ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር? ደርግ ሲወድቅ አግብተው ነበር?» እያሉ ዓመቱን ማጥበብ ይሻላል። የዕድር መዝገብን እንደ ሕዝብ ዝርዝር መጠቀም ሌላው ወጥመድ ነው፤ የዕድር አባል ጎጆ የወጣ ሰው ነውና ተከራይ ወጣቱ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከእናቷ ቤት ያለችው ልጅ ሁሉ ይቀራሉ። የቀሩት ደግሞ ልናውቃቸው የፈለግናቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን አንድ ላይ መጠየቅም ይቅር፤ የሚመዘገበው የሞቀው ጨዋታ እንጂ የየሰዉ ሐሳብ አይደለም። ልጅ አባቱ ፊት ዝም ይላል፤ አባትም ልጁ ፊት እንደ አባት ይናገራል። ለየብቻ፣ ሰው በማይሰማበት ይሁን። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዝ፣ የቀበሌው ሰው ግን ደጃፍ ድረስ አድርሶ ይመለስ። «አላውቅም»ና «መናገር አልፈልግም» በየራሳቸው ሳጥን ይሞሉ፤ ከተቀላቀሉ ፍርሃት እንደ አለማወቅ ይቆጠራል።

ወቅቱን አትርሱ። አንዱን ዙር በነሐሴ፣ ሌላውን በጥር ያደረገ ሰው የለካው የዕድሜን ለውጥ አይደለም። በነሐሴ ኪሱ ባዶ ነው፣ በጥር የቡናው ገንዘብ ገብቷል። በሁሉም ዙር ወሩ አንድ ይሁን።

ስለ ቁጥር፦ 400 ሰው በዕጣ ብትመርጡ የጠቅላላው ውጤት ስሕተት ከላይም ከታችም 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው፤ ይህ ደህና ነው። ነገር ግን በሦስት የዕድሜ ክፍል ስትከፍሉት በያንዳንዱ 133 ሰው ይደርሳል፤ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለ ልዩነት 12 ነጥብ ካልሞላ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የ6 ነጥብ ልዩነት ያያልና «ትውልዱ ተለወጠ» ብሎ ያውጃል።

አንዳንዱ ደግሞ «ለምን አምስት ዓመት እንጠብቃለን? ያኔ ምን ያስቡ እንደነበር ዛሬ እንጠይቃቸው» ይላል። አያዛልቅም። ከላይ ያነሳናቸው የአሜሪካ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰጡትን መልስ እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ የተናገሩት የያኔውን ሳይሆን ወደ አሁኑ አቋማቸው የቀረበውን ነበር። ዋሽተው አይደለም፤ ትዝታ ከዛሬው ሐሳብ ጋር አብሮ ይታረማል። «እኔ ድሮም እንዲህ ነበርኩ» የሚለው ሰው ከልቡ ነው የሚናገረው። ማስረጃው ያን ቀን የተጻፈው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱና ሰዎቹ መጠበቅ አለባቸው። በየዙሩ ከመቶ 20 ሰው ቢጠፋ 400 የነበረው 320፣ ቀጥሎ 256፣ ከሦስተኛው መጥፋት በኋላ 205 ይሆናል። የሚጠፉት ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም፤ አዲስ አበባ የሄደው፣ ዓረብ አገር የተሻገረችው፣ ስልኩን የቀየረው ወጣት ነው። የቀሩትን ብቻ ብትቆጥሩ «ሰው በዕድሜው ይረጋል» የሚል ሐሰተኛ ውጤት ይወጣል፤ የረጋው ከቦታው ያልተነቃነቀው ነውና። ከያንዳንዱ ሰው የራሱን ስልክ ብቻ ሳይሆን የትም ቢሄድ የማያጡትን የሁለት ዘመዶች ስልክ ተቀበሉ፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ለመጠየቅ ሳይሆን አድራሻ ለማደስ። ስሙ ያለበት ዝርዝር መልሱ ካለበት ወረቀት ተለይቶ በሌላ ቤት ይቆለፍ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር ብቻ ይሁን። ቁልፉን የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅ ለማን እንደሚያስረክብ ገና በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይወሰን።

አመሰግናለሁ።