ውሃው በየት ይውጣ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለችግኝ ማከፋፈያ ቀናችን በሰላም መጣችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «ስለ ፖት ዛፎች እንክብካቤ አጭር ንግግር» ይላል። አጭር ይሆናል። ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም። ባለፈው የወሰዳችኋቸው ችግኞች የት ደረሱ? ግዴለም፣ አትመልሱ።

ከመካከላችን አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ የሎሚ ችግኟ ቅጠሉ ቢጫ ሆነባት። ጎረቤት አይቶ «ውሃ ጠምቶት ነው» አለ። በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ጨመረች። ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር። ሌላው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» አለ። ማዳበሪያም ተጨመረ። ሦስተኛው ፀሐይ በዝቶበታል ብሎ ጥላ ውስጥ ከተተው። መቼም ምክር በነፃ ነው! በመጨረሻ እኔን ጠራችኝ። ችግኙን ከነአፈሩ ስናወጣው ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሥሩ ጠቁሯል። አንዱን ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ፖቱን ገልብጠን ቂጡን አየነው። አንድም ቀዳዳ የለውም!

ወገኖቼ፣ ሥርም አየር ይፈልጋል። በአፈሩ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ስለዚህ ዛፉ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ቅጠሉ ይጠወልጋል። እኛም አንጀታችን አይችልም፤ እንጨምርለታለን። በአዘኔታ እንገድለዋለን!

«እኔ ከታች ጠጠር አንጥፌያለሁ» የምትሉ አላችሁ። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ መጀመሪያ አፈሩ ጥግብ ማለት አለበት። ጠጠሩ የሥሩን ቦታ ከመሻማት በቀር የፈየደው የለም።

እነዚያን የሚያብረቀርቁ ፖቶች የሚሠሩትንስ ምን ልበላቸው? ቀለሙን ያሳምራሉ፣ ዋጋውን ይቆልላሉ፣ አንዲት ቀዳዳ ግን ይሰስታሉ! እኛም ዝም ብለን እንገዛለን!

ስለ አጠጣጥ፤ በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ከደረቀ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጡት፣ ከፖቱ ግርጌ ሳህን ካለ የተጠራቀመውን ድፉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያረጥባል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፖት ስትቀይሩ ከቀድሞው ትንሽ ብቻ ሰፋ ያለ ይሁን። ዙሪያውን የተጠማዘዘ ሥር ካያችሁ ፈታ አድርጉት፤ ካልሆነ ውሎ አድሮ ግንዱን ያንቃል። የግንዱን አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ፣ አፈር አታልብሱት። ድጋፍ ካስፈለገው አላልታችሁ እሰሩት፤ ነፋስ ወዝወዝ ሲያደርገው ግንዱ ይጠነክራል። ማዳበሪያ በልክ።

ችግኞቹ በስተግራ ተደርድረዋል። ቀዳዳ የሌለው ፖት ታቅፋችሁ የመጣችሁ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ድሪሉ በሩ ጋ ነው፤ ሳትበሱ ችግኝ የለም።