ዝናቡ የበጀት ዓመት አይጠብቅም
(ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ የኮሌጅ ዲኖች፣ የምርምር ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች፣ ከሁሉም በላይ ከክፍልና ከላቦራቶሪ ጊዜ ቆርሳችሁ የመጣችሁ መምህራን፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ምርምር ገንዘብ ዕድሎች እንድናገር ነው። ጥቂቶቹን እጠቅሳለሁ። አብዛኛውን ሰዓት ግን ከገዛ ተቋማችን ስለሚወጣው ትንሽ የመነሻ ገንዘብ እንድናገርበት ፍቀዱልኝ። ትልቁን የውጭ ግራንት፣ ማለትም የምርምር ድጎማ፣ የሚያገኝ ሰው፣ አስቀድሞ በትንሽ ገንዘብ የሠራውን የመጀመሪያ ውጤት በእጁ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ትንሽ ገንዘብ በሰዓቱ ካልደረሰ ሌላው ሁሉ አይመጣም።

ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገራችን ምርምር ከውጭ አጋሮች ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። አህሪ ብለን የምንጠራው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከጎኑ ነበሩ። ስዊድን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ የቤልጂየም የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከጅማ ጋር፣ ኖርዌይ ደግሞ ኖርሄድ በተባለው ፕሮግራሟ ከበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋር ሠርተዋል። በየትምህርት ክፍላችን ሦስተኛ ዲግሪ ይዘው ከሚያስተምሩት ስንቶቹ በእነዚህ ፕሮግራሞች እንዳለፉ እናንተው ታውቃላችሁ። ውለታቸው የሚዘነጋ አይደለም።

አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ እርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ስታወርድ፣ በሥራ ላይ የነበሩ የምርምር ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ በጀታቸው ተቆረጠ። በስዊድን የምርምር ምክር ቤት በኩል ይወጣ የነበረው የልማት ምርምር ጥሪ በ2023 ቆመ። በ2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ ፈረሰ፤ ኤንአይኤች የተባለው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋምም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ ተቋማት የሚተላለፈው ንዑስ ግራንት በነበረበት መልኩ እንደማይቀጥል አስታወቀ። ገንዘቡ የሰው አገር ግብር ከፋይ ገንዘብ ነውና ልንቆጣ አይገባንም። ነገር ግን የአንድ ላቦራቶሪ ዕድሜ በሌላ አገር ምርጫ ውጤት ሲወሰን እያየን ዝም ብለን መቀመጥም አይገባንም።

የቀሩ በሮች አሉ። ጣሊያን፣ ትሪየስት የሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ትዋስ፣ ኖቤል ተሸላሚው ፓኪስታናዊ የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1983 የመሠረቱት ነው፤ በታዳጊ አገሮች ላሉ ሳይንቲስቶች የምርምር ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። እዚያው ትሪየስት ያለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ኦደብልዩኤስዲ፣ በሥራቸው መጀመሪያ ላይ ላሉ ሴት ተመራማሪዎች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። እዚህ የተቀመጣችሁ እህቶቼ፣ ይህን ጥሪ እየተከታተላችሁ ተወዳደሩ፤ ገንዘቡ የሚሰጠው በአገራችሁ፣ በራሳችሁ ተቋም ሆናችሁ የራሳችሁን የምርምር ቡድን እንድታቋቁሙ ነውና። በጤናው ዘርፍ አውሮፓና አፍሪካ በጋራ የሚመሩት የክሊኒካል ሙከራዎች ፕሮግራም፣ ኢዲሲቲፒ፣ አለ። ለሦስተኛ ዲግሪ ዳድ የተባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት አለ።

ለእነዚህ ሁሉ ስታመለክቱ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ያቀደውን መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ የመጀመሪያ መረጃ። ፕሮፖዛል ስገመግም እንደማየው፣ የእኛ ሰዎች የሚወድቁት በእንግሊዝኛቸው አይደለም፤ በጥያቄያቸው ድክመትም እምብዛም አይደለም። የሚወድቁት «ቀደም ሲል የሠራሁት» የሚለው ክፍል ባዶ ስለሚሆን ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ እዚህ ላይ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ማረጋገጫ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የሚያስተውል ዓይንና እዚያው መሞከር የሚያስችል ነፃነት በቂ ነበር። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ረዘመ። እንዶድ በሰፊው ጥቅም ላይ እንዲውል፣ ለሰውና ለአካባቢ ደኅንነቱ በተሟላ ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ፍተሻው የሚጠይቀው አቅምና ገንዘብ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ የውጭ ደጋፊ እስኪገኝም ዓመታት አለፉ። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሲቀበሉ 1989 ነበር። ከመጀመሪያው ምልከታ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያንን የመሐል ዘመን ሳስብ ያንገበግበኛል። እውቀቱ የእኛ ነበር፣ ተክሉ የእኛ ነበር፤ የጠፋው በሰዓቱ የሚደርስ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ዛሬ የእኛ የውስጥ ገንዘብ እንዴት ነው የሚደርሰው? የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮፖዛል ጥሪ የሚወጣው መምህሩ ከክረምት ተመልሶ ትምህርት ሲጀመር ነው። ግምገማው፣ ማስተካከያው፣ ውሉ ወራት ይወስዳል። ገንዘቡ ተመራማሪው እጅ ሲገባ መጋቢት አልፎ ይሆናል። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ግዥ ክፍል ይሄዳል፣ ይመለሳል። ግንቦት ላይ ፋይናንስ «ሒሳብ ሊዘጋ ነውና አወራርዱ» ይላል።

እስቲ ይህን ከሥራው ጋር አስተያዩት። የሰብል ተመራማሪው የሙከራ ማሳውን የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ሒሳብ በሚዘጋበትና አዲሱ ገና ባልተከፈተበት ወቅት ማለት ነው። በአብዛኛው አገራችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የወባ ተመራማሪዋ በእነዚህ ወራት ገና የፕሮፖዛል ግምገማ ላይ ናት። ዝናቡ የበጀት ዓመት አይጠብቅም፤ ትንኟም እንዲሁ። ገንዘቡ የሚደርሰው ለመስክ ሥራ በማይሆንበት ወቅት ስለሆነ ተመራማሪው በቶሎ ሊያወጣው በሚችለው ነገር ላይ ያውለዋል፤ በአበል፣ በስልጠና፣ በወረቀት። ከዚያ «መምህራን የምርምር ገንዘብ በአበል ጨረሱ» ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። እንዲህ እንዲያወጣው የሚያስገድደው የቀን አቆጣጠሩ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በብር የጸደቀ የኬሚካልና የሪኤጀንት በጀት በግማሽ ገደማ ቀለለ ማለት ነው። ውሉ ግን በዚያው ቁጥር ቀረ፤ የሚጠበቀው ውጤትም እንደዚያው።

ይህን ማስተካከል የማይቻል አይደለም። የዓለም ባንክ ኤሲኢ ሁለት በተባለው ፕሮጀክት በ8 አገሮች 24 የልህቀት ማዕከላትን ደግፏል፤ 4ቱ የእኛ ናቸው፣ ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ በሐረማያ። ዋናው ክፍያ ከውጤት ጋር የታሰረ ነበር። ተማሪ ተቀበላችሁ ወይ፣ ጽሑፍ ታተመ ወይ፣ ፕሮግራሙ እውቅና አገኘ ወይ እየተባለ በገለልተኛ አካል ተረጋግጦ ይከፈላል። ይህን አሠራር በእኛው ግቢዎች ውስጥ የእኛው ሰዎች ሠርተውበታል። ለውስጥ ግራንታችን የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ ራስ ገዝነት ለተመራማሪው ትርጉም የሚኖረው ገንዘቡ ከዓመት ዓመት መሻገር ሲችል ነው።

አንድ ነገር በመሐል ልጨምር፤ ብዙዎች ከኪሳቸው ስለሚከፍሉ ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሳይንስ መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ በነፃ ከሚያገኙት የመጀመሪያው ምድብ አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ብዙ ታዋቂ አሳታሚዎችም ክፍት መጽሔቶቻቸው ላይ የማሳተሚያ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዉላችኋል። ጽሑፋችሁን ስታስገቡ ጠይቁ። ለደረጃ ዕድገት ተቻኩላችሁ ገንዘብ ብቻ ለሚሰበስቡ መጽሔቶች የወር ደመወዛችሁን አትስጡ። ይህን ለእያንዳንዱ አዲስ መምህር መንገር የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሊሆን ይገባል።

የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ ከአጠቃላይ አገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ተስማምተው ነበር። አገራችንም እዚያ አልደረሰችም። ያንን ለመንግሥት ማሳሰባችንን እንቀጥላለን። ዛሬ ግን በዚህ አዳራሽ ካሉት ሰዎች ሥልጣን የማያልፉ ጥያቄዎች አሉኝ።

የተከበራችሁ አመራሮች፤ የውስጥ ግራንት ጥሪ በጥር ይውጣ፤ ግምገማው እስከ ሚያዝያ ይለቅ፤ ለዘር ሰዓት የሚያስፈልገው ግዥ ከሰኔ በፊት ይፈጸም፤ የቀረው ሐምሌ ላይ በጀት እንደተከፈተ ለተመራማሪው ይለቀቅ። የሁለት ዓመት ሥራ የሁለት ዓመት ውል ይኑረው። በእያንዳንዱ ኮሌጅ ግዥና ሒሳብ የሚያውቅ፣ የውጭ ጥሪ የሚያነብ፣ የማመልከቻ ፎርም አብሮ የሚሞላ አንድ የግራንት ባለሙያ ይመደብ፤ ይህ ሰው ተመራማሪውን ከመቆጣጠር ይልቅ የሚያግዝ ይሁን። ግራንት ያሸነፈ መምህር የማስተማር ጫናው ይቀነስለት፤ አሁን ባለው አሠራር ማሸነፍ ቅጣት ይመስላል። በውጭ አገር የሚያስተምሩ ወገኖቻችንም አብረውን ሊያመለክቱ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደብዳቤያቸው የሚደርሰው ስሙ የታወቀ አንድ ሰው እዚህ ይኑር።

ከእነዚህ ውስጥ የጥሪው ቀን አዲስ በጀት አይፈልግም፤ ውሳኔ ብቻ ነው። ክቡር የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ከእኔ ቀጥለው እንደሚናገሩ ተነግሮኛል። የመጪውን ጥሪ ቀን ከእርሳቸው ብንሰማ ሁላችንም ደስ ይለናል።

አመሰግናለሁ።