ከስክሪን ጋር ማን ይከራከራል?

እሺ... ጀመርን። እንደምን ሰነበታችሁ? ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ፣ ባለፈው የጀመርኩትን፣ ርካሽ አየር መንገዶች የሚፈቅዱትን የሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነገር ልጨርሰው ነበር። አልረሳሁትም። ግን አንድ ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ እሱን ሳልተነፍስ ወደ ሻንጣ መመለስ አቃተኝ። ሻንጣው መሀል ላይ ከመጣ ይምጣ።

ምን መሰላችሁ፤ በቁጠባ የሚጓዝ ሰው አዲስ አገር እንደገባ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገንዘቡን የሚነኩት ሁለት ናቸው። ኤቲኤሙና ባለታክሲው። ከባለታክሲው ጋር ይከራከራል። ከኤቲኤሙ ጋር አይከራከርም። የበለጠውን የወሰደበት ግን ብዙ ጊዜ ኤቲኤሙ ነው። ይኼው ነው። ይኼ ነው የማይለቀኝ።

ቀስ ብለን እንየው። ካርዱ ገባ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ተመታ፣ መጠን ተመረጠ። በገባበት አገር ገንዘብ 200 እንበል። መጀመሪያ የሚመጣው የማሽኑ ባለቤት የሚወስደው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በእሱ ቅሬታ የለኝም፤ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ያልተስማማው ሰርዞ የሌላ ባንክ ማሽን መሞከር ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ጉዱ። ስክሪኑ 200ውን ካርዱ በተሰጠበት አገር ገንዘብ መንዝሮ ያሳያል። ሰውየው ከብዙ ሰዓት መንገድ በኋላ የሚያውቀውን ገንዘብ ስም አየ ማለት ነው። «ይህ ምንዛሬ የተረጋገጠ ነው» ይለዋል። ከሥር ሁለት ምርጫ አለ፤ እቀበላለሁ፣ አልቀበልም። ብዙ ቦታ እቀበላለሁ የሚለው አረንጓዴና ጎላ ያለ ነው፣ አልቀበልም የሚለው ቀይ። ከኋላው ሰልፍ አለ። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። «አልቀበልም ብዬ ገንዘቡ ባይወጣስ? ካርዴን ቢውጥብኝስ?» ይላል በልቡ። አረንጓዴውን ይጫናል። ስምንት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

አሁን እዚያው ስክሪን ላይ ቆመን እንመልሰው። አልቀበልም ማለት ገንዘብ አላወጣም ማለት አይደለም። የሚሰረዘው የማሽኑ ምንዛሬ ብቻ ነው። ማሽኑ ያንኑ 200 ቆጥሮ ይሰጣል፤ ሂሳቡ በዚያው በገባበት አገር ገንዘብ ይላክና የካርድ ድርጅቶቹ፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ በራሳቸው ምንዛሬ ይመነዝሩታል። ያንን ምንዛሬ ሁለቱም በድረ ገጻቸው ላይ ማስያ አስቀምጠውለታል፤ ከመነሳት በፊት ማየት ይቻላል። ማሽኑ «የተረጋገጠ» ባለው ምንዛሬ ውስጥ ግን ትርፍ ተጨምሮበታል። 3 በመቶ ሊሆን ይችላል፣ ከ10 በመቶ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። የተረጋገጠው እንግዲህ... የምንዛሬው መጥፎነት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ባንኮች ካርዳቸው ውጭ አገር ሲሠራ የራሳቸውን እስከ 3 በመቶ ይቆርጣሉ፤ የማሽኑን ምንዛሬ መቀበል ይህን ሁልጊዜ አያስቀረውም። ሁለቴ የሚከፍል አለ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ከአፕሪል 2020 ጀምሮ ማሽኑ የጨመረውን ትርፍ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምንዛሬ ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ እንዲያሳይ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ፣ ከአረንጓዴው ቁልፍ በፊት የመቶኛ ምልክቷን ፈልጉ።

ይኸው ጥያቄ ሆቴልና ሱቅ ውስጥ በካርድ ማንበቢያው ላይም ይመጣል። እዚያ የሚብሰው፣ አንዳንዴ ሻጩ ራሱ መርጦ ማሽኑን ወደ እናንተ ማዞሩ ነው። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ደረሰኙን ሳትወጡ እዩት። የገባችሁበት አገር ገንዘብ ካልሆነ የተጻፈው፣ ይህን ሰርዝና በዚህ አገር ገንዘብ ድገምልኝ ማለት እዚያው ቆማችሁ ቀላል ነው። ከበሩ ከወጣችሁ በኋላ ከባድ ነው።

እሺ፣ አሁን ባለታክሲው። 50 አለ። ተጓዡ 35 አለ። አራት ደቂቃ ተከራክረው 40 ላይ ተስማሙ። አሥር ዳነ! ደስ ይላል፣ እውነት ደስ ይላል፤ ያን ስሜት የማያውቅ የለም። ስክሪኑ ላይ ትርፉ 10 በመቶ ከነበረ ግን ከ200ው ውስጥ 20 ሄዷል። ያለ አንድ ቃል። እና ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ደረሱ። ተጓዡ ድፍን 50 ይሰጣል። «ዝርዝር የለኝም» ይላል ሹፌሩ። ይኼን ደቂቃ ነው ደጋግሜ የማስበው። ተጓዡ አይወርድም፤ ወይም ወርዶ በሩን ይዞ ይቆማል። የመንገድ መጽሐፉም፣ መተግበሪያውም፣ ሆስቴል (ርካሹ የጋራ ማደሪያ) ውስጥ ያገኘው ሰውም «ዝርዝር የለኝም የቆየ ዘዴ ነው» ብለውታል። ሹፌሩ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ወርዶ ወደ ፊት ቆመው ወዳሉት መኪኖች ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛው ኪሱን ይፈትሻል። ይመለስና መልሱን በሳንቲም ጭምር ቆጥሮ እጁ ላይ ያስቀምጣል። አይተያዩም።

ዘዴ የሆነበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን ድፍኑን ማን ሰጠው? ያው ማሽን ነው! ኤቲኤም ብዙ ጊዜ ትልልቁን ኖት ነው የሚተፋው። በአንድ እጁ ትርፉን ወስዶ፣ በሌላ እጁ ሁለት ሰዎችን የሚያጣላ ወረቀት ሰጠ ማለት ነው። እና ጠቡ በማን መካከል ሆነ?

መላው ቀላል ነው፤ 200 ከማለት 190 ማለት። ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ዝርዝር ለመጨመር ይገደዳል። ወይም ከባንኩ ቅርንጫፍ ጋር የተያያዘ ማሽን በሥራ ሰዓት መጠቀም፤ ውስጥ ገብቶ ማዘርዘር ይቻላል፣ ካርድ ከተዋጠም የሚያወጣው ሰው እዚያው አለ። ደግሞ በትንሽ በትንሹ አታውጡ። የማሽኑ ቋሚ ክፍያ 5 ቢሆን፣ 50 ላወጣ 10 በመቶ ነው፣ 250 ላወጣ 2 በመቶ።

ክርክሩንም ቢሆን ማጽዳት ይቻላል። ከመሳፈር በፊት ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? መሄጃ ብቻ ነው ወይስ መመለሻም? ሻንጣ ይከፈልበታል? ቁጥሩን ስልክ ላይ ጻፉና አሳዩ፤ በሰው ቋንቋ 15 እና 50 እየተምታቱ ስንት ሰው ተጣልቷል። ትክክለኛውን ዋጋ የሆስቴሉን ሠራተኛ ቀድሞ መጠየቅ ከአራት ደቂቃ ክርክር ይበልጣል። ያኔ ክርክር ሳይሆን ንግግር ይሆናል።

እና... ታዲያ የመጀመሪያውን ዋጋ ዝም ብሎ መክፈል ነው? አይመስለኝም። ተጓዡም ገንዘቡ ተቆጥሮ የመጣ ነው፤ ወራት ቆጥቦ ለወጣ ሰው አሥሯ አሥር ናት። ደግሞ እንግዳ ሁሉ የተጠራውን ከከፈለ፣ ለነዋሪው ዋጋው ሊንርበት ይችላል። እላለሁ... ግን ይህን ምክንያት የምናወሳው በአብዛኛው መኪና ውስጥ ስንገባ ነው እንጂ ስክሪን ፊት አይደለም። ምናልባት ሰውን መጠራጠር ስለሚቀል ይሆናል። ሰው ፊት አለው። ወይም ደግሞ በተቃራኒው፣ ሰው ሊሰማን ስለሚችል ነው የምንከራከረው፤ ማሽን አይሰማም። የትኛው እንደሆነ ቁርጡን ልነግራችሁ አልችልም።

ሻንጣውም ያው ነው፣ አሁን ሳስበው። ርካሽ አየር መንገዶች ብዙዎቹ በእጅ ለሚያዘው 7 ኪሎ ይላሉ፤ የሻንጣው የራሱ ክብደት ይቆጠራል። ባለጎማ የእጅ ሻንጣ ባዶውን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፣ ያለ ጎማው ቦርሳ 1 ኪሎ አካባቢ። መሳፈሪያው በር ላይ ከበለጠ የሚከፈለው፣ ቀድሞ በኢንተርኔት ቢገዛ ከሚከፈለው ይበልጣል። እዚያ በር ላይ «ትንሽ ቀንሱልኝ» ሲባል ሰምታችኋል? ካርድ ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ይታለፋል። (ሻንጣው የግድ ወደ አውሮፕላኑ ዕቃ ክፍል ከሄደ ፓወር ባንኩን፣ ያችን የስልክ መሙያ ባትሪ፣ አውጡ፤ በእጅ ነው የሚያዘው።)

አንድ ነገር ብቻ። የአገሩ ቆይታ አልቆ ኤርፖርት ሲገባ፣ የምንዛሬ መስኮቱ በአብዛኛው ወረቀት እንጂ ሳንቲም አይቀበልም። ያ ሹፌሩ ሦስት መኪና ድረስ ሄዶ ያመጣው ሳንቲም... ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ፍተሻው ላይ ትሪው ውስጥ ይንኳኳል። አንዳንድ ኤርፖርት የመዋጮ ሣጥን አለ፣ እዚያ የሚጨምረው አለ። ሌላው ይዞት ይሄዳል፣ መሳቢያ ውስጥ...

እ... እንግዲህ። የሰባት ኪሎውን በሚቀጥለው።