በማታውቁት በረሃ ፕሮንግሆርን ማደን

[ምስል፦ ገና ያልነጋ ሜዳ። ከሩቅ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች።]

ያቺ ነጭ ነጥብ ድንጋይ አይደለችም። ፕሮንግሆርን የሚባለው የሜዳ እንስሳ መቀመጫ ናት። እናንተ ምን እንደሆነች ለመለየት ዓይናችሁን ስታጠብቡ፣ እሱ እናንተን አይቶ ጨርሷል።

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ያለነው አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ሬድ ዴዘርት በሚባለው በረሃ ነው። በረሃ ስላችሁ የአፋርን ሙቀት እንዳታስቡ። ከፍታው ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይወርድም። ጠዋት ጓንት ያስፈልጋል፣ ቀትር ላይ ጃኬት ያስወልቃል። የሚገርመው ውሃው ነው። እዚህ የጣለ ዝናብ ወደ አትላንቲክም ወደ ፓስፊክም አይወርድም። እዚያው ይሰርጋል ወይም ይተናል፤ ልክ አዋሽ ባሕር ሳያይ እንደሚቀረው።

እኔ ከዴንቨር ነው የመጣሁት። አካባቢውን አላውቀውም፣ ዘመድም የለኝም። የዛሬው ቪዲዮ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

[ምስል፦ ወንድ ፕሮንግሆርን በቅርበት፣ ቀንዱና ዓይኑ።]

መጀመሪያ እንስሳውን እንተዋወቅ። አሜሪካኖቹ አንቴሎፕ ይሉታል፣ ሲቀልዱ ደግሞ «ፈጣኑ ፍየል»። ሁለቱም አይደለም። ከቤተሰቡ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። ቀንዱ ከፊት በኩል እንደ ሹካ ጥርስ ወጣ ያለ ቅርንጫፍ አለው። የቀንዱን ሽፋን በየዓመቱ ይጥልና አዲስ ያበቅላል።

ሩጫው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ይህን ያህል የሚያስሮጠው ምንድን ነው? ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሩጫ የሚደርስበት አዳኝ አውሬ የለም። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሚሉት፣ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት የጠፋ አቦ ሸማኔ የሚመስል አውሬ ነበር፣ ከሱ ሲሸሽ የለመደው ነው። አሳዳጁ ጠፋ፣ ሩጫው ቀረ።

ለእኛ ግን ዋናው ችግር እግሩ አይደለም። ዓይኑ ነው። ትልልቅ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ወጣ ብለው ነው የተቀመጡት። ሣር እየጋጠ እንኳ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል። ስለዚህ አጋዘን ጫካ ውስጥ እንደሚታደነው በጸጥታ ተራምጄ እደርስበታለሁ ካላችሁ፣ እርሱት። መላው አደን እሱ ከማየቱ በፊት እናንተ ማየታችሁ ላይ ነው። ያም ቤት ውስጥ፣ ካርታ ላይ ይጀምራል።

[ምስል፦ የዋዮሚንግ ካርታ፣ ሁለት ቀለም ያላቸው አራት ማዕዘኖች።]

ፈቃዱ በዕጣ ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት የምትመጡ ከሆነ ማመልከቻው እስከ ጁን መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፤ መስከረም ላይ ትዝ ቢላችሁ ዋጋ የለውም። ከ1966 መግቢያ ወዲህ የተወለደ ሰው ደግሞ የአዳኝነት ደህንነት ኮርስ የወሰደበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለተጻፈበት ቀጠና ብቻ ነው። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። «የሕዝብ መሬት ነው፣ ማንም ይገባል» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ካርታውን ስከፍት የዳማ ገበታ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ካሬ የመንግሥት፣ ቀጥሎ ያለው የግል፣ ቀጥሎ የመንግሥት። ነገሩ ከ1862 ይጀምራል። መንግሥት አህጉር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ሲል ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት አንድ እየዘለለ ለባቡር ኩባንያዎች ሰጠ። እያንዳንዱ ካሬ ጎኑ አንድ ማይል ነው። ያ አከፋፈል ዛሬም እንዳለ ነው።

ታዲያ ከአንዱ የመንግሥት ካሬ ወደ ሌላው፣ ሁለቱ በሚነካኩበት ጥግ በኩል መሻገር ይቻላል? ከሚዙሪ የመጡ አራት አዳኞች በ2021 ኤልክ ማውንቴን በሚባል ቦታ የግሉን መሬት ሳይረግጡ በመሰላል ተሻገሩ። ተከሰሱ። በ2022 ዳኝነት የተሰየሙ ዜጎች ነጻ አሏቸው። ባለመሬቱ አልተዋቸውም፣ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካሣ ጠየቀ። በ2025 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአዳኞቹ ፈረደ። ፍርዱ ዋዮሚንግን ጨምሮ ስድስት ክፍለ ግዛቶችን ይመለከታል። ልብ በሉ፣ የተፈቀደው የግሉን አፈር ሳይነኩ መሻገር ነው። ጥጉ የቱ ጋ እንደሆነ በግምት አይሆንም።

ዋዮሚንግ ውስጥ አጥር ስለሌለ ወይም «አትግቡ» የሚል ሰሌዳ ስላልተተከለ ማንም ይገባል ማለት አይደለም። የማን መሬት ላይ እንደቆማችሁ ማወቅ የእናንተ ግዴታ ነው። የመሬት ወሰን የሚያሳይ የስልክ ካርታ አውርዱ፣ ኔትወርክ ሳይኖር እንዲሠራ አድርጉት። ኔትወርክ የለም። እውነቴን ነው፣ የለም።

ካርታው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ። ከፍ ያለ ጉብታ። ፈፋ። በተለይ ፈፋውን። ሜዳ ሲመስል ውስጡ ግን ሰው የሚደብቅ ቦይ ያለበት ቦታ ወርቅ ነው። አጥር ካለም አትናቁት። ፕሮንግሆርን አጥር መዝለል ብዙም አይወድም፤ አጎንብሶ በታችኛው ሽቦ ሥር ይሾልካል። ሽቦው ላይ ፀጉር ካያችሁ መንገዱ እዚያ ነው።

[ምስል፦ ጎህ። ሰው ተቀምጦ በመነጽር ሲያይ።]

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴን ልንገራችሁ። አሥራ ሁለት የሚሆኑ አየሁ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ቀጥ ብዬ ወደነሱ ሄድኩ። ቆመው አዩኝ። አምስት መቶ ሜትር ስቀርብ የመቀመጫቸው ነጭ ፀጉር እንደ አበባ ፈነዳ፤ ለመንጋው ምልክት ነው። ከዚያ አቧራ። እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና አቧራ። ማታ ላይ እግሬ አለቀ፣ እነሱ ግን ሣራቸውን አልተዉም።

በሁለተኛው ቀን ጉብታ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ጀርባዬ ላይ እንዳይሆን ከጫፉ ዝቅ ብዬ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩቅ ማያ መነጽር ማየት ብቻ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ወንድ ከሁለት ሴቶች ጋር ወደ አንድ ፈፋ ሲጠጋ አየሁ። ነፋሱ ከምዕራብ ነው። በምሥራቅ በኩል ዞሬ ገባሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጎንበስ ብዬ፣ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር በሆዴ።

እዚህ ላይ ስለ ቁልቋሉ ላንሳ። ከመሬት ጋር ተለጥፎ የሚበቅል ነው፤ የትግራይ በለስ የቅርብ ዘመድ። የእኛም በለስ መጀመሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። እሾሁን ግን እዚሁ ነው የማውቀው፤ ከጉልበቴ ስነቅል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የጉልበት መከላከያ ያዙ። ቁጥቋጦው ደግሞ ሴጅብራሽ ይባላል። ስትታከኩት ሽታው አሪቲን ያስታውሳል፤ ዘመዳሞችም ናቸው።

የድሮ አዳኞች ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ ይስቡት ነበር ይባላል፤ ነገር ማየት ይወዳልና። የእናቴን ነጠላ ይዤ መሞከር አስቤ ነበር፣ ደፋር አልሆንኩም።

ሁለት መቶ ሜትር ላይ ጠመንጃውን በመደገፊያው አስቀመጥኩ። ጎኑን እስኪሰጠኝ ጠበቅኩ። እየሮጠ ያለ ፕሮንግሆርን ላይ አትተኩሱ፤ ማቁሰል ነው ትርፉ። አንድ ጥይት በቃ።

[ምስል፦ ቢላዋ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን።]

ከዚህ በኋላ ሩጫው የእናንተ ነው። «የፕሮንግሆርን ሥጋ ይሸታል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ላይ ያቆዩት ናቸው። ሆድ ዕቃውን ወዲያው አውጡ፣ ቶሎ ግፈፉ፣ ጥላ ሥር ስቀሉ። መኪናው ውስጥ በረዶ ይጠብቃችሁ። ብልት ማውጣት የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ትስቃላችሁ፤ እኔ ስልኬን እያየሁ ነው የቆራረጥኩት። ከአንዱ ወንድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ይገኛል። ሰማዩን ግን እያያችሁ ሥሩ። ዝናብ ከነካው መንገዱ የዋልካ ጭቃ ነው፣ አራቱም ጎማ ቢዞር አይረዳም።

ስብ ስለሌለው ቅቤ ጨምሩበት፣ በጥብስ ቅጠል ግሩም ነው። ጓደኛዬ «ክትፎ ይወጣዋል» አለ። አይወጣውም። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላል፣ በደንብ ይብሰል።

ማታ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ እናቴ ጋ ደወልኩ። ጥይቱንም በረሃውንም አልጠየቀችም። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው?» አለች። ነው። «ያመሰኳል?» ያመሰኳል። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ በስመ አብ ብሎ የባረከው ማነው?»

ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኳት።