ትከሻን ያስተማሩኝ፦ በተወዛዋዦች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ ተጋባዥ እንግዶች፣ በተለይም ከዘጌ በጀልባ ተሻግራችሁ የመጣችሁ እናቶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ስለሚያነቡት አልደግመውም። ሊቀ መንበር ከመሆኔ በፊት ተወዛዋዥ ነበርኩና ስለ ትከሻ ልናገር።

እስክስታን ያየሁት መጀመሪያ መድረክ ላይ አይደለም፤ ጣና ዳር ነው። በልጅነቴ እንጨት ጭነው ከዘጌ የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ቆሜ እመለከት ነበር። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ትከሻው ትንሽ ወረድ ይላል፤ ክንዱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ትከሻውም አብሮ ይለወጣል። ቤት ገብቼ አያቴ ፊት ስሞክረው ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ ትከሻ ብቻውን አይሆንም፤ መጀመሪያ ደረትሽ ይተንፍስ» አለችኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደንገሉ ግን እየሳሳ ነው፤ ያንን ትከሻ ዛሬ የት ሄጄ ለልጆች እንደማሳይ ግራ ይገባኛል።

ሁለተኛው ትምህርቴ የበዓል ማሕሌት ነው። ሊቃውንቱ በዝማሜ መቋሚያቸውን ይዘው በዝግታ ይጀምራሉ፤ በመረግድ ከበሮና ጽናጽል ይገባል፤ በጽፋት ጭብጨባው ይፈጥናል። (ይህንን ውዝዋዜ ማለቴ አይደለም፤ አምልኮ ነው፤ አባቶች አይቀየሙኝ።) እኔን የገረመኝ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ነው።

ከዚያ የምሽት ሥራ መጣ። በአንድ የባህል ምግብ ቤት ከጎጃም ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ በአንድ ምሽት እንሻገር ነበር፤ ክራሩ ብቻውን በሚመታበት ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እንቀይራለን። ባለቤቱ «እንግዳ ይሰለቻል» ብሎ ዋሽንቱን በኪቦርድ ተካው፤ ዘገምተኛውን መግቢያም አስቆረጠን። እኛም ዝም አልን፤ ደመወዝ እንፈልግ ነበር። ዛሬ ወጣቶቻችን «የጎጃም እስክስታ» ብለው የሚያሳዩኝ ያንኑ የተቆረጠውን ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ቆርጠን ያስረከብናቸው እኛ ነን።

ሌላው የወለል ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ ላይ ለዓመታት የዘለለ ጉልበት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ፣ እኔ ደረጃ ስወርድ ይመልከት። ከተማችን ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ መድረክ አላት፤ የጎደለን መለማመጃ ነው። ትልቅ አዳራሽ አልጠይቅም። ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት የሌለበት አንድ ክፍል ይበቃናል። መስታወት የሌለበት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸውን ሲያዩ ከበሮውን መስማት ይተዋሉ።

ከዘጌ የመጡት እናቶች ከምሳ በኋላ የሠርጉን ጭፈራ ከመግቢያው ጀምረው ያሳዩናል። ስልክ አውጥቶ መቅረጽን አልከለክልም፤ የመጀመሪያውን ዙር ግን እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ አብራችኋቸው ተነሡ። ማኅበሩ እንደ መምህር እንዲከፍላቸው የቀረበው ሐሳብ በአጀንዳው 3ኛ ተራ ላይ ነው፤ ድምፅ የምንሰጠውም ካየናቸው በኋላ ይሆናል።

አሁን ጸሐፊያችንን ወደ መድረክ ልጋብዝ።